በሰው እጅ የመጣው ኪኒን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለለታ፤

እንዴት ሰነበትክ? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ያስነክስሃል? ባለቤትህ ኢፍቱስ ሥራው ቀለል አለላት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጉለሌ ዝናቡ አልለቀቀንም፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድም አጥንት ይሰብራል።

የሚቀጥለውን ተቀምጠህ አንብብ። ከሁሉ በፊት ግን ልጅህ ቢሊሱማ መዳኗን እወቅ፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። በስልክ «ትንሽ አተኩሷት ነው» ያልኩህ ግማሹን ነው። ሙሉውን በስልክ ብጀምርልህ ትጮኻለህ፣ እሷም ትሰማለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ገበያ አካባቢ የነቢሊሱማ ጓደኛ የምረቃ ድግስ ነበር። እዚያ አንድ ወጣት ኤክስታሲ የሚሉትን አነቃቂ የዕፅ ኪኒን አደላቸው። ቢሊሱማ ኮከብ የታተመበት ሮዝ ደርሷት ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ ሰውነቷ እሳት ሆነ፣ መንጋጋዋ ገጠመ፣ ጓደኞቿን መለየት አቃታት። እነሱ ሰው እንዳይሰማ በሩን ቆልፈው፣ መርዝ ያረክሳል ብለው ወተት ሊግቷት ሲታገሉ ትን ብሏት ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ረይሃና ናት ተደብቃ የደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ብቻ ቶሎ ይምጡ» አለችኝ። በታክሲ ይዘናት ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ምን እንደወሰደች ሲጠይቀኝ፣ እኔ የኬሚስትሪ መምህሯ ረይሃና እንደነገረችኝ ቀለሙን፣ ቅርጹንና ምልክቱን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «መምህር፣ የነገሩኝ ልብሱን ነው፤ ሰውየውን አልነገሩኝም» አለኝ። ኮከቡን ማንም ማተም ይችላል። ውስጡ ኤክስታሲ ሊኖርም ላይኖርም፣ ሌላ ልብ የሚያስሮጥ ኬሚካል ሊሆንም ይችላል፤ ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ኪኒኖች እንኳ መጠናቸው ይለያያል። ንጹሕ ቢሆንስ ብዬ ስጠይቀው፣ ንጹሑም ሰውነትን አግሎ ሊገድል ይችላል አለኝ። ሰፈሩ «ሄሮይን ቀላቅለውበት ነው» ይላል፤ እሱም ግምት ነው። የዋጠችው ምን እንደነበረ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ ያከመው ትኩሳቷንና ልቧን ነው።

ቢሊሱማ ገና ግሉኮስ ላይ እያለች ረይሃና ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ኪኒን እንደቀረ ነገረችኝ። «የእኔ ግን ሰማያዊ ነው፤ የተበላሸው የሷ ነው» አትለኝም! አልተቆጣሁም። ሰማያዊው ውስጥ ያለውን ንገሪኝና ያንቺ ይሁን ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ብዙ ተከራከረችኝ፤ እጄን አላጠፍኩም። በመጨረሻ አወጣችው፤ ለሐኪሙ ሰጠሁት።

ቢሊሱማ ስትነቃ ምን ብለሽ አመንሽው አልኳት። «እቴቴ፣ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ኦሪጅናል ነው አሉን። የእርስዎስ የግፊት መድኃኒት በሶፍት ተጠቅልሎ አይደል የሚመጣልዎ?» አለችኝ። ለታ፣ እውነቷን ነው። የምትልክልኝ መድኃኒት ካርቶኑ ሻንጣ ያጣብባል እየተባለ ተፈልቅቆ ሲመጣልኝ፣ የምትቀበልልኝ እሷው ናት። በዚህ ቤት ከውጭ መጣ ከተባለ በኋላ ምንነቱን የጠየቀ ሰው አይታ አታውቅም።

ስለዚህ ለእኔ መድኃኒት መላክህን ተው፤ ከዚሁ ፋርማሲ በሐኪም ማዘዣ፣ ከነማሸጊያው መግዛት ጀምሬአለሁ። ዋናው ልመናዬ ግን ይህ ነው፤ እሑድ ራሷ ደውላ ትነግርሃለች። «አባዬ ዳግመኛ ባያናግረኝስ?» እያለች ደጋግማ ትጠይቀኛለች። ጨርሳ እስክትናገር አትጩህባት። እነዚያ ልጆች በሩን የቆለፉት የወላጆቻቸውን ቁጣ ፈርተው ነው። ጥቂት ተቆልፎ ቢቆይ ኖሮ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

የሰፈራችን ነጋዴ ጌጡ ነገ ወደዚያ ስለሚበር ደብዳቤውን አሽጌ እሰጠዋለሁ። ኢፍቱን እቀፍልኝ፤ ቀስ ብለህ ንገራት። ትንሹን ልጅህን ሳምልኝ፤ ቁመቱን ለክተህ ላክልኝ። አብሮህ የሚኖረውን አሽረፍንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ጌጤ

ቢሊሱማ ብዕሩን ተቀብላኝ ይህችን ጨመረች፦ «አባዬ፣ እሑድ ስደውል አንሳው።»

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.