የጀማልን መኪና ገፈፍኳት

ሰኞ

ጎትተው አምጥተው ጣሉብን፤ ሦስት የጦር ካሚዮን። ከሶማሌ ተራ ጀርባ ያለችው ጋራዤ ለራሷም አትበቃ፣ አሁን መውጫ መግቢያ የለም። ደንበኛ በር ላይ ያይና ይመለሳል።

አብሯቸው የመጣው ሻምበል አቁሞ ስለ ጥገና ደረጃ አስተማረን። አንደኛ ደረጃ የሾፌሩ ነው፤ ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ ማየት። ሁለተኛው የክፍሉ መካኒክ። ሞተርና ካምቢዮ ማውረድ ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ የዋናው ጋራዥ ሥራ። ዋናው ጋራዥ ስለሞላ ቀበሌው እኔን መረጠ። ሹመት ያዳብር። መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ጓድ፣ ችግር በትግል ይፈታል አለኝ።

ግን አንዷን የሚነዳት ልጄ ጀማል ነው። ለውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ቤቱ አድሮ አያውቅም። ሾፌር ከመኪናው አይለይም ይላሉ፤ ስለዚህ መኪናዋ እዚህ እስካለች ጀማልም እዚህ ነው። እናቱ ዘይነባ ስታየው አለቀሰች፣ ከዚያ መክሳቱን ስትረግም አመሸች።

ማክሰኞ

ሶማሌ ተራን አካለልኩት። የናፍጣ ፖምፓ የለም። ፍሪሲዮን የለም። ያለው ወሬ ነው፣ እሱም በሹክሹክታ።

ከሰዓት ሻምበሉ መጥቶ አንዷን ገፍፋችሁ ሁለቱን አስነሱ አለ። ይኼን ማንም አያስተምረንም፤ አንዷን ገፍፎ ሌላዋን ማልበስ የኖርንበት ሥራ ነው። የትኛዋ ትገፈፍ ሲለኝ አፌ ቀደመኝና የጀማልን አሳየሁት። የሞተሯ ክዳን፣ ቴስታታዋ፣ ተሰንጥቋል፣ አትረባም አልኩ። አልተሰነጠቀም። እንዲያውም ከሦስቱ ቀላል ብልሽት ያለባት እሷ ነበረች። ዋሸሁ፤ ነገም ቢጠይቀኝ እዋሻለሁ።

የተገፈፈች መኪና ግንባር አትሄድም። ማታ በደንብ በላሁ።

ረቡዕ

ገፈፍናት። ፖምፓውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ የፊት ጎማዎቿን ሳይቀር። ጀማል ጠጋ ብሎ፣ "አባባ፣ ቴስታታዋ እኮ ደህና ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። ቁልፍ አቀብለኝ አልኩት። ገባው። ገብቶትም ደስ አላለውም፤ ጓደኛው ታደሰ አጠገባችን ቆሟል።

ታደሰ የሁለተኛዋ ሾፌር ነው፣ የጎጃም ልጅ፣ ሳቂታ። ከጀማል መኪና የወጣው ፖምፓ የገባው እሱ በሚነዳት ላይ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አሁን ዳገቱን ትወጣለች" አለኝ። አፈርኩ። የኔን ልጅ ላስቀር የሰውን ልጅ ጫማ አስሬ ግንባር እየሸኘሁ ነው። እሱም እናት አለችው።

ኀፍረቴን በሥራ ላካክስ ብዬ ያልታዘዝኩትን ሁሉ ሠራሁለት። ፍሬኑን ፈትቼ እንደ አዲስ ገጠምኩ። መሪውን አስተካከልኩ። እንዲህ ተጠንቅቄ የሠራሁት መኪና ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ

ሁለቱም ተነሡ። የታደሰ መኪና ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ሻምበሉ ጨበጠኝ። ነገ ይሄዳሉ፣ ጀማል ይቀራል። ዘይነባ ዶሮ ልትገዛ ወጣች።

ከሰዓት። ታደሰን ወባ ጣለው። የቆላ ወባው ተነሥቶበት እየተንቀጠቀጠ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሻምበሉ አልተቆጣም፣ አልጮኸም። መኪናዋን አየ፣ ጀማልን አየ።

"ሾፌር የሌላት መኪና አለች፣ መኪና የሌለው ሾፌር አለ። ምን ያስቸግራል?" አለ።

ምንም አያስቸግርም። እኔ ፖምፓ ከአንዷ ወደ አንዷ እንዳዛወርኩት፣ እሱም ልጄን አዛወረው። ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ መለዋወጫ አድርጌ ያስቀመጥኩለት እኔው ነኝ። የቀበሌው አጥር ላይ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ይላል። በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ ዛሬ ቆሜ አነበብኩት።

ዶሮውን የነካው የለም።

ዓርብ

ከሁሉም ቀድሜ መኪናዋ ሥር ገባሁ። የናፍጣውን ቧንቧ ትንሽ ባላላው ደብረ ብርሃን ሳትደርስ ትቆማለች። ቁልፉን አሳረፍኩበት። ብትቆም ግን አሻጥር ተብሎ የሚያዘው ሾፌሩ ነው። አልፋ ሄዳ ጣርማ በር ዳገት ላይ ብትቆምስ? ከነጭነቷ ወደ ኋላ ብትንሸራተትስ? ውስጥ ያለው እሱ ነው። አጠበቅኩት። ፍሬኑንም ደግሜ አየሁ። ወደ ግንባር የምትወስደውን መኪና ከማጥበቅ ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አጣሁ።

ጀማል አስነሣትና አዳመጣት። "አባባ፣ ጥሩ አድርገህ ሠርተሃታል" አለኝና ነድቷት ወጣ። ከልጄ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኼ እንዳይሆን ብቻ።

ቅዳሜ

የተገፈፈችው ግቢ መሐል ቆማለች። የፊት ጎማ ስለሌላት በግንባሯ ተደፍታ ነው። ሻምበሉ ዕቃ ሲመጣ ትጠግናታለህ ብሎኝ ሄዷል። አላያትም ብዬ በሌላ በኩል እዞራለሁ።

ዘይነባ ከሐሙስ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ዛሬ ሰግዳ ስትጨርስ ከመስገጃዋ ሳትነሣ ጠራችኝ።

"የጀማል አባት፣ ምን ብዬ ዱዓ ላድርግ? መኪናዋ መንገድ ላይ ትቁም ልበል ወይስ በሰላም ታድርሰው?"

እጄ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"መልሰው በይ" አልኳት።

እሷም እሱኑ አለች። በምን እንደሚመለስ ግን አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም አላውቅም።