እዚያ ህንዳዊ፣ እዚህ እንግሊዛዊ ስለተባለው ወንድሜ

ለክቡር ሚስተር ቬርነን ኦልድፊልድ፣
የባቡር ሠፈራችን መካነ መቃብር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን ተሽሎዎት፣ በዚህ በቤንጋል ወበቅ ሙሉ ልብስና ከረባት ማድረጉንም እግዚአብሔር እንደ ወትሮው አስችሎዎት እንደሚሆን አምናለሁ። እኔ ጡረተኛዋ አስተማሪ ኖሪን ፔምብሪ፣ የሟቹ የዴስሞንድ እህት፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ምስጋና ከእንግሊዝና ከህንድ የተወለድን የባቡር ሠራተኞች ልጆች የምንኖርበት ሠፈር ሁሉ ይሰማልኝ ዘንድ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

፩. ወንድሜ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ዕድሜውን እዚያ ባቡር ሲነዳ ኖሮ፣ "ከእማማ ጎን አሳርፉኝ" ብሎ ሞተ። እንደዚያ አገር ልማድ ሬሳው ተቃጥሎ፣ ልጁ ጁን አመዱን ይዛ ስትመጣ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ "የኔ ልጅ፣ አባትሽ እኮ የእንግሊዝ ዜጋ ነው፤ ይሄ መቃብር የሠፈሩ ልጆች ነው" ብለው ስለተቀበሏት ከልብ እናመሰግናለን። ዴስሞንድ እዚያ ሳለ "አያቴ እኮ እንግሊዛዊ ነበር" ባለ ቁጥር ጎረቤቶቹ "አንተ ህንዳዊ፣ ቀልድ ታውቃለህ!" እያሉ ይስቁበት ነበር። እንግሊዛዊነቱን በመጨረሻ ያመኑለት ሰው የእኛው ሰብሳቢ መሆናቸው ምንኛ ያኮራል!

፪. እግርዎ ረግጧት የማያውቃትን እንግሊዝን "አገር ቤት" እያሉ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም "ልክ እንደ አገር ቤት!" እያሉ ሲነግሩን የኖሩት እርስዎ፣ እዚያ የኖረውን ሰው ባዕድ ነው ሲሉን ትንሽ ግራ ብንጋባ አይፍረዱብን።

፫. በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ጁን የአመዱን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ፣ "የውጭ ዜጋ እዚህ አይቀበርም" የሚለውን ደንብ በሚያምር ድምፅዎ ደጋግመው ስላነበቡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ባለቤትዎ ሚሲስ ፊሎሚና ግን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው "ቬርነን፣ አንተ እንግሊዝን ያየሃት የብስኩት ቆርቆሮ ሥዕል ላይ ነው! ልጁን ከእናቱ ጎን አስተኛው!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሐል ጁን አለቀሰች። ክቡርነትዎም የደንቡን ወረቀት አጥፈው "እሺ፣ ከእናቱ ጎን ይሁን" አሉ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ አልቀለድኩም፤ አመሰግናለሁ።

በቀብሩ ዕለት ከሁሉ በላይ ጮኸው የዘመሩት፣ ዜማውንም ያበላሹት እርስዎ ነበሩ። ቢጫ ሩዝና የሥጋ ድቡልቡል ወጥ ቀርቦ ሳለ ጁን "አክስቴ፣ እኔስ የየት አገር ሰው ነኝ?" አለችኝ። "መጀመሪያ ብዪ፣ ሲበርድ አይጥምም" አልኳት። ሌላ መልስ ኮሚቴው ካለው በጽሑፍ ቢያሳውቀን ደስ ይለናል።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜና የከረባትዎን ጽናት ዘወትር የምትመኝ፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
ኖሪን ፔምብሪ

ማሳሰቢያ፦ ሴት ልጅዎ ወዳለችበት ወደ አውስትራሊያ ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑን ከሚሲስ ፊሎሚና ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። አንድ ቀን የባዕድ አገር ዜጋ ሆነው በሣጥን ሲመለሱ ስለ እርስዎ የሚሟገት ሰው ያስፈልግዎታልና፣ ከመሄድዎ በፊት ያንን ደንብ ቀዳደው ቢጥሉት ይሻላል፤ እኔም ለሙግቱ እንድደርስ እስከዚያው ጤናዬን እጠብቃለሁ።