በዘንዶው ፊት የተጠራነው

ከከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ቢሮ
ሐሙስ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሰሜኑ በር ጠባቂ፤

አስቀድሜ የምክር ቤቱን ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ የጠባቂዎቹን አለቃ፣ ከዚያም የጎረቤቶቻችንን ሰላምታ በየማዕረጋቸው አቀርብልሻለሁ። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች፣ እሷን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠውን ደንብ ማን እንዳወጣው ትጠይቀኛለች። ስለዚህ የእሷ ከሁሉም ይቅደም።

መልእክተኛው ትናንት ከቀትር በኋላ ደረሰ። በሕይወት መኖርሽን፣ ዘንዶውም ወደ ገደሉ መመለሱን ሲነግረን እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እናትሽ ግን እንደቆመች ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ያለፈው ወር ደብዳቤሽ እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ዘንዶው በሩን አልፎ ወደ ከተማው እንዳይወርድ ጠባቂው አያቶቹን እስከ ሰባት ቤት በስም ይጠራበታል። አንቺም፣ "ገበያ ደጃፍ ተጥዬ የተገኘሁ ልጅ ማንን ልጥራ? የሰው ቦታ ይዤ ነው የቆምኩት፤ ትክክለኛውን ሰው ላኩ" ብለሽ ጻፍሽ።

መልእክተኛው እንዳለው፣ ዘንዶው በሩን በደረቱ ሲገፋ መጀመሪያ የአያት ስም ፈልገሽ አጣሽ። ከዚያ አፍሽ ላይ የመጡልሽን ጠራሽ፦ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ ጫማ ሰፊውን፣ ማንበብ ያስተማረችሽን መምህርት፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ጎረቤታችንን ወሬ አይጠገቤን፣ እናትሽን፣ እኔን። በሰባተኛው ላይ ዘንዶው አንገቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ከጠዋት ጀምሮ ቢሮዬ በሰው ተሞልቷል። ጫማ ሰፊው፣ አያት የላትም ያለው ማን ነው፣ እኔ ብቻዬን የሁለት አያት ዕድሜ አለኝ እያለ ደረቱን ነፍቶ ይዞራል። ልብስ ሰፊው አልተጠራሁም ብሎ አኩርፏል፤ የመጀመሪያ ቀሚስሽን ማን እንደሰፋው እንዳስታውስሽ አደራ ብሎኛል። ወሬ አይጠገቤ በበኩሏ በቅጽል ስሟ መጠራቷ ቅር አላላትም። ከእንግዲህ ዘንዶ ሳይቀር ያውቀኛል ትላለች።

ልጄ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ደብዳቤሽ በደረሰ በሳምንቱ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ጎልማሳ እንዲተካሽ መረጠ። ውሳኔው የሚጸናው በእኔ ፊርማ ነበር። ፈረምኩ። ለደኅንነትሽ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እናትሽ ግን፣ "ልጅቷ ምትክ አልጠየቀችህም። የማን ነኝ ነው ያለችህ" አለችኝ። ተተኪው ገና መንገድ ላይ ሳለ አንቺ ሥራውን ፈጸምሽው። እንኳንም ዘገየ። ይቅርታሽን እጠይቃለሁ።

ዛሬ አለቃው የጠባቂዎቹን መዝገብ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ስትሄጂ "የማን ልጅ" የሚለውን ቦታ ባዶ ትተሽዋል። ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ይህኛው በእኔ ፊርማ የሚወሰን አይደለም፤ ስትመጪ በገዛ እጅሽ የፈለግሽውን ጻፊበት።

ምስጋናዬን በምክር ቤቱ ስም፣ ናፍቆቴን በራሴ ስም አቀርባለሁ። ቀሪው የጥበቃ ዘመንሽ የተቃና፣ መመለሻሽም የቀረበ ይሁን።

አባትሽ