የእናቴ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ምልክቶች

መስከረም 22

ተራ ሰኞ። የሦስት አዲስ ተማሪዎች ፋይል ከፈትኩ። ፎቶኮፒው ሁለቴ ወረቀት ዋጠ፣ ሁለቴም አስተፋሁት።

ረፋዱ ላይ የሂሳቡ መምህር የምሠራበት መዝገብ ቤት መጣ። በትምህርት ቤታችን ስሙን በአፍ የሚጠራው የለም። ጣትን በቅንድብ ላይ ማስኬድ ነው ስሙ፤ እዚህም ቅንድብ ብዬ እጽፈዋለሁ። እንደ ተማሪዎቹ እሱም አይሰማም። "መዝገበ ቃላቱ ሞቷል" አለኝ በእጁ። ተከትዬው ሄድኩ። በክረምቱ የኮምፒውተር ክፍሉ አሮጌ ማሽኖች ወጥተው አዳዲስ ገብተዋል። በአዲሶቹ ላይ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላታችን ገጽ ይከፈታል... ቪዲዮው ሊኖር በሚገባው ቦታ ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ። አንዱንም ነካሁ፣ ሌላውንም ነካሁ። ዝም።

ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ቃላት ናቸው። በሁሉም ምልክቱን የምታሳየው እዚሁ ታስተምር የነበረችው እናቴ ናት።

ማታ እራት ስንበላ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

መስከረም 24

ምክንያቱ ተገኘ። የድሮ የድረ ገጽ ቪዲዮ ፍላሽ በሚባል ፕሮግራም ነበር የሚጫወተው፤ እሱ ደግሞ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። የእኛ ገጽ እስካሁን የቆየው ማሽኖቹ ስላረጁ ብቻ ነው። ገጹን የሠራልን ባለሙያ ጋ ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ አነሱና ቁጥሩ የእሳቸው ከሆነ አራት ዓመቱ እንደሆነ ነገሩኝ።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ቶሎ መቁረጥ ይወዳሉ እንጂ። አንድ ድርጅት ተሠርቶ ያለቀ መዝገበ ቃላት ሊያስገባልን ጠይቋቸዋል። ናሙናውን አሳዩኝ። ያማረ ነገር ነው። ግን ምልክቶቹ የእኛ አይደሉም፤ የሌላ አገር እጅ ነው። "እናት" የሚለው እንኳ የማናውቀው ነው።

"ልጆቹ ይህን ይዘው ቤታቸው ሲገቡ ማን ይረዳቸዋል?" አልኳቸው።

"የማይከፈተውስ ማንን ይረዳል?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጥቅምት 20 በመምህራን ስብሰባ ይወሰናል። እስከዚያ የሚሠራ ነገር ካመጣሁ እንደሚያዩት ቃል ገቡልኝ። አመጣለሁ አልኩ። ከየት እንደማመጣ አላወቅኩም፣ ግን ያልኩት ከልቤ ነው።

መስከረም 27

ቅዳሜ። ታናሽ ወንድሜ ለምሳ መጣ። የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሰው ነው። ፋይሎቹን በፍላሽ ዲስክ አምጥቼ ነበር፤ አየና "እትዬ፣ ይሄ አብቅቶለታል" አለኝ። በየዓመቱ ፈቃድ የሚታደስለት ውድ ፕሮግራም ያስፈልገዋል አለ። በነፃ የሚገኝ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ነፃ ነገር ነፃ የሆነው ወዶ አይደለም አለና ሳቀ። ሰውን ምሳ እያበሉ መከራከር አይመችም። ተውኩት።

እሱ ከወጣ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ቆየሁ። ነፃ ብቻ ሳይሆኑ ምንጫቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች አሉ፤ አሠራራቸው እንዳለ ተጽፎ ለሁሉም ይታያል፣ የቻለ ያስተካክላል፣ የፈለገ ይወስዳል። ምስሉ የመንገድ ላይ ብርቱካናማ ሾጣጣ የሆነውን ቪኤልሲ የተባለ የቪዲዮ ማጫወቻ አወረድኩና የመጀመሪያውን ፋይል ሰጠሁት። አላንገራገረም። ከፈተው።

እናቴ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ቀኝ እጇ እንደ ልቧ ሲዞር...

ቀና ስል ከኋላዬ ቆማለች። ስትሮክ ቀኝ እጇን ከያዘው ሁለት ዓመት ሆነ። መስማት ለማትችል ሰው እጅ ማለት አፍ ነው፤ ግማሹ ነው የተወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ረግጣ አታውቅም፣ በሰው ፊትም ምልክት አታሳይም። "በግራ ኮልታፋ ነኝ" ትላለች። ማያ ገጹን ጥቂት አየችና በግራ እጇ "ዝጊው" አለችኝ።

ዘጋሁት።

መስከረም 28

ዛሬ እናቴ ሳህን ስታስቀምጥ ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ነው።

ጥቅምት 1

በምሳ ሰዓት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ጫንኩ። መስኮት የለው፣ የሚጫኑት ምስል የለው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትፈልጊውን ትጽፊለታለሽ፣ ይሠራል። ተሳስተሽ ከጻፍሽ ደግሞ ቀይ በቀይ ያደርግሻል። ስድስቴ ቀይ አየሁ። በሰባተኛው አንዱ ፋይል ስልክም ኮምፒውተርም ወደሚከፍተው ዓይነት ተቀየረ። በስልኬ ሞከርኩት። በቅንድብ ስልክ ሞከርኩት። ይሄዳል።

ስምንት መቶውን ግን አንድ በአንድ? በዚህ አያያዝ ጡረታ እወጣለሁ።

ጥቅምት 3

ሁሉንም ባንዴ የሚያስኬድ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ እምቢ አለኝ። የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች የሚጠያየቁበት ገጽ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለጠፍኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መልስ አለ። መላሹ ፎቶው ድመት ነው፤ የት እንደሚኖር፣ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። የፋይሎችሽ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ስላለ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት አድርጊበት አለኝ። ይኸው ነው? ይኸው ነው። ጨመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ። አንድ... ሁለት... አርባ... እኔ የተማሪ መታወቂያ እየለጠፍኩ እሱ ይሠራል። ከሥራ መውጫ በፊት ስምንት መቶ አሥራ ሁለቱም አለቁ። ለወንድሜ ቁጥሩን ብቻ ጽፌ ላክሁለት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ጥቅምት 5

ቪዲዮዎቹ ድምፅ አላቸው። ለካ እስከ ዛሬ ድምፁን የሰማ የለም፤ ተጠቃሚው ሁሉ የማይሰማ! ድምፁ ቢወጣ ፋይሉ ይቀልላል፣ ደካማ ኢንተርኔት ላይም ይሻላል። ስለዚህ ላወጣው ወሰንኩ። ከማውጣቴ በፊት ጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ።

የእናቴ ትንፋሽ። የሹራቧ መፋተግ። መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝ። ቁጥር 209 ላይ ምልክቱን ስታ ትስቃለች፣ ያ ከጉሮሮዋ የሚወጣው የምታውቁት... ማንን ነው የማናግረው? እኔ የማውቀው ሳቅ። ልጅ ሆኜ በጨለማ ክፍል ውስጥ እቤት መኖሯን የማውቀው በዚያ ነበር። ከስትሮኩ ወዲህ አልሰማሁትም።

ለገጹ ድምፁን ከሁሉም አወጣሁ። 209ን ግን እንዳለ ለራሴ አስቀረሁ።

ጥቅምት 7

ችግር መጣ። የፋይሎቹ ስም "ምልክት" የሚል ቃልና ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ቃል እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር በዚያ በሞተው የፍላሽ ፕሮግራም ውስጥ ታሽጎ ቀርቷል። ቃሉ የሌለበት መዝገበ ቃላት ምኑ መዝገበ ቃላት ነው?

ለማንኛውም እኔ ከእናቴ እጅ ነው አፍ የፈታሁት። ቅንድብም አለ። ሁለታችን እያየን እንጽፋለን።

ጥቅምት 10

ስድስት መቶ አርባውን ጨረስን። የቀሩት መቶ ሰባ ሁለቱ ከበዱን። የሳይንስ ቃላት፣ የእጅ ሙያ ቃላት፣ እሷና የዚያን ጊዜ መምህራን ተቀምጠው የፈጠሯቸው። አብረዋት የፈጠሩት ሁለቱ አልፈዋል። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቅንድብ "ጠይቂያት" አለኝ። እሷ ዝጊው ብላኝ ዘግቼዋለሁ። እንዴት ብዬ?

ጥቅምት 12

እሑድ። ሳሎን ተቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ማያው ወደ እሷ ሶፋ ዞሯል። አውቄ ነው? ግማሹን አውቄ ነው። ቁጥር 377 ላይ ደረስኩ። ሁለት ትንንሽ ጣቶች ተጠማዝዘው ይሳሳባሉ። በትልቁ "ገመድ" ብዬ ጻፍኩ።

ወለሉ ነዘረ። በእግሯ መታችው፤ ቤታችን ውስጥ የምንጠራራው እንደዚያ ነው። ዞርኩ።

"ገመድ አይደለም" አለች በግራዋ። "ጅማት ነው። ገመድ ይታሰራል፣ ጅማት ይስባል። አላስተማርኩሽም?"

"አላስተማርሽኝም።"

አየችኝ። ተነስታ መጣች፣ ከጎኔ ተቀመጠች፣ በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። "ቀጣዩን።"

ቀጣዩን ከፈትኩ። "ትነት።" ቀጣዩን። "መሮ፤ የአናጢ።" ቀጣዩን። እዚህ ላይ ቆም አለች። ቀኝ እጇ ማያው ላይ ሲዞር፣ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ። አንስታ በግራዋ ያዘችው። ልዝጋው? ስላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

"ጥሩ እጅ ነበራት" አለች።

"አሁንም አላት" አልኳት። "ቀጣዩን" አለች።

በአንድ ከሰዓት ሰማንያ አራት ቃል።

ጥቅምት 16

መቶ ሰባ ሁለቱም ስም አገኙ። አራቱን እናቴ ራሷ ጣለቻቸው፤ "ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፣ ልክ አይደሉም" ብላ። ስለዚህ አሁን ስምንት መቶ ስምንት።

ገጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የዛሬ የድረ ገጽ ማሳያዎች ቪዲዮ በራሳቸው ያጫውታሉ፤ ተጨማሪ የሚጫን ነገር የለም። የአንዳንዱን ቪዲዮ ትርፍ ጫፍ በኬደንላይቭ ፕሮግራም ቆረጥኩ፤ እሱም ነፃ፣ እሱም ክፍት። ወንድሜ መጥቶ አየው። የሠራሁትን ትእዛዝ ለመሥሪያ ቤቱ እንድልክለት ጠየቀኝ። ነፃ ነው አልኩት፣ ውሰድ።

ጥቅምት 20

ስብሰባ። መብራት አጥፍተን ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው። ከዚያ ሁሉም በየስልኩ እንዲከፍተው ጠየቅሁ። ክፍሉ ውስጥ በየአቅጣጫው የእናቴ እጅ። አንዳንዶቹ ተማሪዋ የነበሩ ናቸው፤ ቃሉን ሳይፈልጉ እሷን ነበር የሚያዩት።

ዳይሬክተሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ጥያቄው ግን ደህና ነው፦ "አንቺ ብትታመሚ ወይ ብትለቂ ማን ይይዘዋል? የበፊቱም ሰው ጠፍቶ ነው እዚህ የደረስነው።"

"የበፊቱ ቁልፉን ይዞ ነው የጠፋው" አልኳቸው። "የእኔ ቁልፍ የለውም። ፋይሎቹ እዚህ አሉ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ተጽፏል፣ መሣሪያዎቹን ማንም ያወርዳቸዋል። ነገ ብሞት ከነገ ወዲያ ቅንድብ ይቀጥላል።"

አስተርጓሚዋ ይህን በእጇ ስትደርስበት ቅንድብ ተነሳና፣ እኔ ባልሞትም አንዳንዱን ከእኔ የተሻለ እንደሚሠራው ተናገረ። ዳይሬክተሩ ሳቁ። ድርጅቱን እናመሰግናለን፣ አንፈልግም ብለው እንደሚጽፉ አስታወቁ። ከዚያ እናቴ ስለ ጣለቻቸው አራት ቃላት ጠየቁኝ። ማን ይሞላቸዋል?

እጠይቃለሁ አልኩ።

ጥቅምት 21

ጠየቅኩ። "በግራ እጅ ማን ያየኛል" አለች። ቅንድብ ራሱ ግራኝ እንደሆነ ነገርኳት። እውነት ነው፤ ሃያ ዓመት በግራው ነው የሚያስተምረው። ረሳችው እንዴ? እሷ ናት ያሠለጠነችው።

ግራ እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

ጥቅምት 27

ዛሬ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ገባች። ከበሩ እስከ ኮምፒውተር ክፍሉ ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ የማያቅፋት አልነበረም። ስልኬን በመጻሕፍት ክምር ላይ አቆምኩ፣ መጋረጃውን ቅንድብ ያዘ። በግራ እጇ አራቱን ቃላት አሳየች። ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ። አራተኛው ሲያልቅ ጨረስን ብዬ ስልኩን ላነሳ ስል ወለሉን መታች። መምህራኑ መዝገበ ቃላቱ ከተሠራ ወዲህ የመጡ ቃላት አሉ ብለው ወረቀት ሰጥተዋታል፤ ከቦርሳዋ አወጣችው። ስልሳ ሦስት ቃል። ለእኔ ማን ነገረኝ?

ዛሬ ከእነሱ ሰባቱን ቀረጽን። ቤት ገብተን አሳየኋት። ሰባቱንም እስከ መጨረሻው አየች፣ ደግማም አየች። እንደ ድሮ ተማሪ ውጤቴን ጠበቅሁ።

"ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ነገ ደግመን እንቀርጻለን" አለች።

ምን አጠፋሽ? ምልክቱ ልክ ነው አልኳት።

"ምልክቱማ ልክ ነው። ካሜራሽ ጠማማ ነው።"