የኩኑክ ስም

ሲሲሚዩት፣ ሴፕቴምበር 21

ለልጄ ለፒፓሉክ፣

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ? ሆድሽ ከገፋ ወዲህ ያ የኮፐንሃገን ደረጃ እንዴት እያደረገሽ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ ትንሽ እተኛለሁ፣ ከሰው ጋር ደግሞ እጣላለሁ ማለቴ ነው።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ሳትቀየሚኝ አትቀሪም። «እማዬ፣ ወንድ ነው አሉኝ፤ ኩኑክ ልበለው?» ስትይኝ ደሜ ፈላ። ለሕፃን የሚሰጠው የሟች ስም እንጂ የቁም ሰው ስም እንዳልሆነ እያወቅሽ! ወንድምሽን በአፍሽ የቀበርሽው መሰለኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽን አሁን ልንገርሽ። ኩኑክ ከኡፐርናቪክ ተነስቶ በዚያች አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ ታንኳ፣ በካያኩ፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ እስከ ኑክ ብቻውን ሲቀዝፍ፣ ኦገስት ላይ እዚህ አድሮ ነበር። ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል፣ መዳፉ ተልጧል፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ግን ሌላ ነው። ሾርባዬን እያስጨመረ ሲጠጣ አጎትሽ ጄረሚያስ ዝም ሊለው ነው?

«አንተ፣ ሞተር የሚባል ነገር መፈጠሩን የነገረህ ሰው የለም?»

«አባባስ በካያክ አልነበር እንዴ እዚህ ሁሉ የደረሰው?»

«አባትህማ የሞተር መግዣ አጥቶ ነው!»

እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ጠዋት የደረቀ ዓሣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ካያኩ ውስጥ፣ እግሩ ሥር ሸጎጠው። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ጉም የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ማኒትሶክ ከተማ ሳይደርስ ቀረ።

ሄሊኮፕተሩም የፖሊስ ጀልባውም ፍለጋውን ሲተዉ አጎትሽ አልተወም። ካያኩን ከደሴቶቹ መሃል ተገልብጦ አገኘው። ጎትቶ አምጥቶ እኛ ደጅ አስቀመጠውና ዓይኔን ሳያይ፣ «እህቴ፣ ዓሣው እንዳለ ነው» አለኝ።

«እና ምን ይሁን?»

«የብስ ወጥቶ ቢሆን ምግቡን ይዞ ነበር የሚወጣው።»

«ተቻኩሎ ይሆናል! አንዱ የአዳኞች ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል! አንተ ልጄን ለመግደል ምን አጣደፈህ?» ብዬ አባረርኩት። ስለዚህ የተቆጣሁት አንቺን ብቻ አይደለም።

ትናንት ግን ሳልጠራው መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ፒፓሉክ እያለቀሰች ደወለችልኝ» አለ።

«ዶርተ፣ ስሙ አሁን የት ነው ያለው?»

«የምን ስም?»

«የኩኑክ። ባለቤቱ ሲሄድ ስም ማደሪያ አጥቶ ይንከራተታል፤ ሕፃን እስኪወስደው ድረስ ውጭ ነው የሚያድረው። ይህን ለልጆችሽ ስትነግሪያቸው የኖርሽው አንቺው አይደለሽም? ክረምቱ እየመጣ ነው። የሚያስገባው ያጣው ባንቺ እምቢታ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይነገራል? አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። እሱ ሲወጣ በመስኮት ተራራውን ባየው ጫፉ በበረዶ ነጥቷል። የኩኑክ ወፍራም ሹራብ ደግሞ እዚሁ ወንበር ላይ ነው፤ ይሞቀኛል ብሎ ትቶት ነው የሄደው። ያኔ አለቀስኩ፣ ልጄ። እስከ ትናንት አንዲት እንባ አላፈሰስኩም ነበር።

እንግዲህ ኩኑክ በይው። ባልሽ የዴንማርክ ስም ካማረው ይጨምርበት፤ ኩኑክ ግን ይቅደም። እንደተወለደ ጆሮው ሥር ሆነሽ ደጋግመሽ ጥሪው። ከእንግዲህ «የልጅ ልጅሽ» እንዳትይኝ፤ ስሙን የያዘ እሱው ራሱ ነውና እኔ ልጄ ነው የምለው፣ አንቺም ወንድሜ ትይዋለሽ። ሹራቡን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ቢበዛበትም ጠቅልይበት፣ ብርድ እንዳያገኘው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ገላውን ስታጥቢው ውሃውን ፈርቶ ቢጮህ እንዳትቆጪው፤ ባልሽም እንዳይስቅበት። ቶሎ አውጥተሽ እቀፊው።

እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ። ሁለታችሁንም ጤና አድርጎ ለዓይኔ ያብቃችሁ።

እናታችሁ፣
ዶርተ