ያመሰገንከኝ ቀን

ተሼ ሆዴ፣ ደህና ነህ ወይ ብዬ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም፤ የእኔን ግን ልንገርህ፣ አለሁ። ከተለያየን አምስት ዓመት አለፈ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል፤ የሕንፃችን ሊፍት ዛሬም በየሳምንቱ ይበላሻል። አንተ በክራንችህ ቀድመኸኝ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተህ፣ እስክደርስ በሩን ከፍተህ ታሾፍብኝ ነበር።

እዚህ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር የነበረችው የልብስ ማስተካከያ ሱቅህ የስልክ መሸፈኛ መሸጫ ሆናለች። በአውቶቡስ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ። የስፌት መኪናህን ግን አልሸጥኩትም፤ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው። ልጅህ ማህሌት ቦታ ይይዛል ትላለች፤ ይያዛ።

የምጽፍልህ ስለዚያ ስልክ ነው።

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን አምቡላንስ ሲወስድህ አብሬህ እንድሄድ አልተፈቀደልኝም። እንደ ዕቃ ከበር ላይ አስረከብኩህ። በማግስቱ ነርሷ ደውላ ስልኩን አፍህ አጠገብ ያዘችልህ፤ ሐኪሙም እዚያው ነበር። ቤት ውስጥ ራስህን ችለህ ምን ምን እንደምትሠራ ጠየቀህ። አንተም ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ እኔ እንደምሰማህ ስላወቅህ፣ ሁሉንም የምታደርግልኝ ሚስቴ ናት አልከው። የምታለብሰኝ እሷ፣ የምታበላኝ እሷ፣ ያለ እሷ እኔ ምን እሆናለሁ አልከው። ተሼ፣ እኔ እኮ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ፈገግ አልኩ። ሰው ፊት ራሱን አሳንሶ ሚስቱን ከፍ የሚያደርግ የጨዋ ልጅ ነው ያገባሁት ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለልኝ። ድምፁ ደግ ነበር፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የመተንፈሻ መሣሪያ እንዳጠራቸው፣ ድሮም በሰው እርዳታ ለሚኖር ሰው ብዙም እንደማይጠቅመው፣ ልብህ ቢቆምም ለመመለስ እንደማይሞክሩ ነገረኝ። በልጅነቱ ፖሊዮ አንድ እግሩን ያዘው እንጂ ምን ጎደለው አልኩት። ሱቅ ከፍቶ ይሠራል፣ ገበያ የሚወጣው እሱ ነው፣ እኔ ሥራ ሲያመሸኝ እራት ሠርቶ የሚጠብቀኝ እሱ ነው አልኩት። ታግሦ ሰማኝ። ከዚያ፣ አዝናለሁ፣ ግን ራሱ ነው የነገረን፣ እርስዎም ሰምተዋል አለኝ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ለጨዋነት ብሎ ነው እንዲያ ያለው ብዬ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለዚህ አልበቃኝም። ሁለት እግሩ የሚሄድለት ሰው እንዲያ ቢል ስቀው ያልፉት ነበር። ያንተ ክራንች አልጋህ ጎን ተደግፎ ስላዩ ግን አመኑህ። ማህሌት ደወለች፣ ለመነች፣ ሪቪው አድርጉልን፣ ውሳኔውን እንደገና እዩልን አለች። ሰኞ እናየዋለን አሏት። አንተ እሑድ አረፍክ።

በኋላ አቤቱታ አስገባች። በጊዜው በነበረው መመሪያ መሠረት ነው የሠራነው፣ ለሐዘናችሁ እናዝናለን አሉ። ከዚያ ወዲያ የምናንኳኳው በር አጣን። አንዳንድ ቀን በሐኪሙ እናደዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ባንተ። ምነው ያን ቀን እንኳ ስለ ራስህ ጥሩ ብትናገር እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ያ የሚቆራረጥ ትንፋሽህ ይሰማኛል። የቀረችህን ትንፋሽ እኔን ለማመስገን አዋልካት፤ ታዲያ ምን ብዬ ልቆጣህ?

አሁን እኔ ክሊኒክ ስሄድ ምን ምን መሥራት እንደምችል ይጠይቁኛል። ጉልበቴ እየነደደ ሁሉንም እችላለሁ እላለሁ። ማህሌት ኧረ ማሚ፣ እንዲህ ካልሽማ ኬረር፣ ቤት መጥቶ የሚረዳሽ ሰው፣ አይሰጡሽም እያለች ትቆጣኛለች። እውነቷን ነው። ግን አፌ እምቢ ይለኛል፤ አልችልም ማለት ፈራሁ።

አንተን አልረሳህም፤ እንደነገርካቸው አድርጌም አላስታውስህም። የሚጠይቀኝ ባይኖርም እስካለሁ እናገራለሁ። እኔ አላለበስኩህም ተሼ። ሸሚዝህን የምትተኩሰው አንተ ነበርክ፤ የእኔንም ጨምረህ።