ተጠርጣሪ አንቱ አይባልም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ፀጉሬ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተተ ቤት ገባሁ። ጠዋት ሃያ ዙር ዋና፣ ከዚያ እግር የሌላት የላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ተንበርክኮ ደረት መጫን፣ ትንፋሽ መስጠት። ጉልበቴ ተልጧል። በአርባ አንድ ዓመቴ ነፍስ አድን ልሁን ማለቴ... ማን አስገደደኝ? የምሠራበት ሱቅ ተዘጋ፣ ሥራ ጠፋ፣ አለቀ። ባለፈው ዙር ገና የዋና ፈተናው ላይ ወድቄ ተመልሻለሁ። ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ካለፍኩ እዚሁ ገንዳ ይቀጥሩኛል። ከወደቅኩ... አልጽፈውም።

ልንወጣ ስንል አሰልጣኙ ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "ከነገ ጀምሮ ተራ በተራ ከፍ ያለው የጠባቂ ወንበር ላይ ትወጣላችሁ" አለ። "ከዋናተኞቹ መሀል የሰመጠ መስሎ የሚፈትናችሁ ሰው አለ። ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አልናገርም።"

ለኔ ነው ይሄ? አስራ ሁለት ዓመት የሱቅ በር ላይ ቆሜ ቦርሳ ስፈትሽ የኖርኩ ሴት! ካልሲ ውስጥ የተደበቀ ሽቶ በአካሄድ የማውቅ! በሳምንት ውስጥ ካልያዝኩት ምን አለች በሉኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የመጀመሪያ ተራዬ። ከወንበሩ ላይ ሁሉም ሰው ይታያል። ሁሉም ሰው ያጠራጥራል። ጆሮዋን አስሬ የምትነካካው ሴትዮ... ምልክት ነው? ውሃ ውስጥ ቆመው የሚያወሩት ባልና ሚስት... ለማውራት ገንዳ ድረስ ይመጣል?

ዋናው ግን ባለ ቢጫ ኮፍያው ሽማግሌ ነው። ልክ አራት ሰዓት ሲል ይመጣል። ጥልቀት በሌለው በኩል ዳሩን በአንድ እጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። መዋኘት የማይሆንለት ሰው በየቀኑ ምን ያመላልሰዋል? ደግሞ አሰልጣኙን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። ይተዋወቃሉ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ተክዬበት ዋልኩ።

እራት ላይ ለልጄ ስነግራት፣ "እማዬ፣ ሽማግሌ ሰው 'እሱ' ይባላል?" አለችኝ።

"ተጠርጣሪ አንቱ አይባልም።"

"አይ መርማሪዋ!" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ትሳቅ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

አንዲት ወጣት ሴት ውሃው ላይ በአፍጢሟ ተዘርግታ አየሁ። ንቅንቅ አትልም። ዘልዬ ገባሁ፣ ብብቷን ይዤ ገለበጥኳት። "ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?!" ብላ ጮኸችብኝ። ትንፋሽ መያዝ እየተለማመደች ኖሯል ለካ። ገንዳው በሙሉ ሳቀ። አብሮኝ የሚሰለጥነው ረጅሙ ሰውዬ፣ ዋርካ የምንለው፣ ፎጣ ሲያቀብለኝ እንኳ ይስቃል።

አሰልጣኙ ብቻ አልሳቀም። "ካየሻት በስንት ሰከንድ ገባሽ?"

"በሶስት መሰለኝ።"

"ጎሽ" አለ። ጎሽ? እያሾፈብኝ ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሁለተኛ አልሸወድም። አበቃ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ያዝኳቸው!

ልብስ መቀየሪያው ኮሪደር ላይ ሽማግሌው ወደ አሰልጣኙ ጆሮ ጠጋ ብሎ ያወራል። ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። "ነገ... ጥልቁ በኩል..." ከዚያ አንድ ቡድን እየተንጫጫ አለፈ፣ አልሰማሁም። ቀጥሎ፣ "...የሷ ተራ ሲሆን።" አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

እሷ ማን ናት? ከሰልጣኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ደግሞ የኔ ተራ ነው። ና ብቻ። ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ልጽፈው አልፈልግም። ግን ልጻፈው። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ ነው የምነግረው።

አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቢጫ ኮፍያውን አጠለቀ። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ ሄደ። ዳሩን ይዞ ገባ፣ ከዚያ ለቀቀው። አምስት ስድስት ጊዜ ቀዘፈና መሀል ላይ ቆመ። ራሱ ወደ ኋላ ዘመም አለ፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ሆነ። አልጮኸም። እጁንም አላወዛወዘም፤ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል ብቻ። አሰልጣኙ መቶ ጊዜ ነግሮናል፤ እውነተኛ ሰማጭ አይጮኽም፣ መጮኺያ አየር የለውም። አሳምረው አስጠንተውታል አልኩ።

መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት... አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ከዋርካ ጋር ያወራል። ያላየ መስሎ ነው። አራት፣ አምስት... ሰባት ላይ ኮፍያው ከውሃ በታች ገባ። ትንፋሹን ይዞ ነው፣ እንደዚያችኛዋ። ዘልዬ ደግሞ ይሳቅብኝ? ስምንት። ዘጠኝ...

አስራ አንድ ላይ ፊሽካዬን ነፍቼ ዘለልኩ። ደንግጬ አይደለም። ጨዋታው ይብቃ ብዬ ነው።

ብብቱን ይዤ ወደ ላይ አወጣሁት። "በቃህ አባባ፣ አውቄብሃለሁ!" አልኩት በጆሮው። አልመለሰልኝም። ከበደኝ። ፊቱን ወደኔ አዞርኩት...

ከንፈራቸው ጠቁሯል።

አሰልጣኙ ሲሮጥ አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዳር አውጥተን አስተኛናቸው። አገጫቸውን ቀና፣ አፍንጫቸውን ያዝ፣ ትንፋሽ... አንድ። ሁለት። ሶስት። አራተኛው ላይ አሳላቸውና ውሃ ተፉ። አምቡላንስ ወሰዳቸው።

"ሰው አዳንሽ እኮ!" ብሎ ዋርካ አቀፈኝ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ከእቅፉ ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የአደጋ ሪፖርት ፎርም አለ። "ሰውየው ችግር ላይ ከታየበት ውሃ ውስጥ እስከ ተገባበት ____ ሰከንድ።" ሶስት ብዬ ጻፍኩ። በእርሳስ። ማን ቆጥሮብኝ?

ከዚያ አላስቻለኝም። "ሽማግሌውን የላክኸው አንተ አልነበርክም?" አልኩት አሰልጣኙን።

"የት ነው የላክኋቸው?"

"አስመሳዩ..."

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አስመሳይ የሚባል የለም። ኖሮም አያውቅም። ለሁሉም ዙር እንደዚያ እላለሁ። ካላልኩ ውሃ ውሃውን ታያላችሁ እንጂ ሰው አታዩም።"

"ታዲያ ማክሰኞ ምን ተንሾካሾካችሁ?"

"ጥልቁን ልሞክር ብለው ፈቃድ ጠየቁኝ። 'የሷ ተራ ሲሆን ነው የምገባው፣ ያቺ ልጅ ዓይኗን ከኔ ላይ አትነቅልም' አሉኝ።"

እዚያው ፊቱ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሶስቱን በላጲስ አጠፋሁት። አስራ አንድ ጻፍኩ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ልጄ ስልክ ይዛ "እናቴ ሰው አዳነች" እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች። ዝም በይ ብዬ ጮህኩባት። ምን አጠፋች እሷ?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ያለ ኮፍያቸው አላወቅኋቸውም፤ ራሰ በራ ናቸው።

"መጣሽ ልጄ?" አሉኝ። ወደኔ ዞር ብለው፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሃው ውስጥ 'አውቄብሃለሁ' ያለኝ ማን ነው? ሕልም ነው ይሉኛል።"

"ሕልም አይደለም አባባ። እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሱቁን፣ አስመሳዩን፣ ቆጠራውን። ብርድ ልብሱ ላይ በጣታቸው እየነኩ ቀስ ብለው ቆጠሩ። እስከ አስራ አንድ። ለካ እንደዚህ ረጅም ነው...

"ቀና ብዬ አይቼሽ ነበር እኮ" አሉ። "እያየሽኝ መሆኑን አይቼ ነው እጄን የለቀቅኩት።"

"አዎ አባባ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ምንም አይደለም አላሉም። "ደክሞኛል፣ ሂጂ ልጄ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

አሰልጣኙ ጠራኝ። "የምስክር ወረቀት አልሰጥሽም። አልጣልኩሽምም። ለአንድ ወር ተኩል ከወንበርሽ ስር ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"ማንን ነው የምትጠብቀው፣ ዋናተኞቹን ወይስ እኔን?"

"አንቺን።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳት እጎርስ ነበር። ዛሬ እሺ አልኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

አራት ሰዓት ሲል ቢጫው ኮፍያ በበሩ ገባ። አሰልጣኙ ከታች ቀና ብሎ አየኝ።

ውሃው ጋ አልሄዱም። እርጥቡ ወለል እንዳያዳልጣቸው ግድግዳውን እየያዙ ወደኔ መጡ። ከመሰላሉ ስር ቆሙ።

"ዛሬስ ማንን መስያለሁ?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

"እርስዎን።"

ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

"ተራሽ እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"እስከ ስድስት።"

"እንግዲያው እኔ አምስት ተኩል ላይ እወጣለሁ።"

ፎጣቸውን ወንበሬ መሰላል ላይ ሰቀሉ። ጥልቀት በሌለው በኩል ዳሩን ይዘው ገቡ። እጃቸውን ከመልቀቃቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝ።

እያየኋቸው ነበር።